ለመንዳት የተጠገነ አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ ያመረቷቸውን ሞተር ሳይክሎች የሚፈልጉ ገዢዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እያንዳንዱ ብሎን ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲሆንለት የሚሻ ሰብሳቢ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቁልፉን አዙሮ መንገድ ከወጣ በኋላ በራሱ ሞተር ወደ ቤቱ መመለስ የሚፈልግ ነጂ ነው። ለመንዳት ተብሎ የተጠገነ ሞተር ሳይክል የሚስማማው ለሁለተኛው ሰው ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሻጭ ስህተቶችም የሚመነጩት ይህን ሰው ትቶ የመጀመሪያውን ለማማለል ከመሞከር ነው።

የተጠገነውን «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ብሎ ማስተዋወቅ

ካርቡሬተሮቹ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት) ታጥበው፣ ፍሬኑ ተስተካክሎ፣ ጎማውና ባትሪው ተቀይሮ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ተጠግኗል እንጂ አልታደሰም። ሙሉ እድሳት የሚባለው ሞተሩ ተፈትቶ ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና ቫልቮቹ ሲለኩ፣ ሻንሲው እስከ ብረቱ ተራቁቶ ሲቀባ፣ ክሮም የነበረው ሁሉ እንደገና ክሮም ሲሆን ነው። ይህን ሳያደርግ በማስታወቂያው ላይ «የታደሰ» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ የሚጠራው ስህተት ፈላጊውን ሰብሳቢ ነው፤ ያ ሰው የማርሚታውን ዝገትና ከሌላ ሞዴል የተወሰደውን የኋላ ማሳያ መስታወት አንድ በአንድ ቆጥሮ ዋጋውን ያወርዳል፣ እውነተኛው ገዢ ግን የተጠየቀውን ዋጋ አይቶ ገና ከሩቅ ይሸሻል።

የሚሻለው የተሠራውን ሥራ በዝርዝር መጻፍ ነው፦ የፊት ፍሬን ማስተር ሲሊንደር (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) የውስጥ ጎማዎች ተቀይረዋል፣ ያረጁት የፍሬን ቱቦዎች በብረት ሽቦ በተሸመኑ ተተክተዋል፣ በመነካካት የሚሠራው የቀድሞ ማቀጣጠያ ወጥቶ ኤሌክትሮኒክ ገብቷል፣ ባትሪው ሞተሩ ሲፋጠን 14 ቮልት ገደማ ይቀበላል። ያልተሠራውም እንዲሁ ይጻፍ። «ሞተሩ አልተከፈተም» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ነገሩን ለሚያውቅ ገዢ የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለክቶ ተቀራራቢ የሆነ፣ ማንም ያልነካው ሞተር፣ ማን እንደከፈተው ከማይታወቅ ሞተር እጅግ የተሻለ ነው። የከፈተው እጅ ምን ዓይነት እንደነበረ ደግሞ የጎን ክዳኖቹ ብሎኖች ይናገራሉ። የዚያ ዘመን የጃፓን ብሎኖች መስቀልኛ ራስ በጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ የተሠራ በመሆኑ ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ በትክክል አይገጥመውም፤ እየተንሸራተተ ራሱን ይበላዋል። የተበሉ ብሎኖችን ለመቀየር የሚወጣው ወጪ ትንሽ ሲሆን በገዢው ዓይን የሚያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው።

ዋጋን በደረሰኝ ክምር መተመን

ለመለዋወጫ የወጣ ገንዘብ በሽያጩ ተመልሶ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። «ይሄዳል» ተብሎ የቀረበ ሞተር ሳይክል ጥሩ ጎማ፣ ባትሪና ካቴና እንዲኖረው ገዢው ቀድሞውኑ ይጠብቃል፤ መጓደላቸው ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መሟላታቸው በተገዙበት ልክ ዋጋ አይጨምርም። ሻጩ በጋራዡ ያሳለፋቸው ምሽቶች፣ ምንም ያህል ቢበዙ፣ በሂሳቡ ውስጥ አይገቡም። ደረሰኞቹ የሚጠቅሙት ዋጋውን ለመተመን ሳይሆን የተጻፈው ሥራ በእርግጥ መሠራቱን ለማሳየት ነው።

ከዚህ የከፋው ሌሎች ሻጮች የሚጠይቁትን ዋጋ እንደ ገበያ ዋጋ መውሰድ ነው። ለወራት ሳይሸጥ የቆመ ሞተር ሳይክል ላይ የተለጠፈ ቁጥር የሚያሳየው የባለቤቱን ምኞት ብቻ ስለሆነ፣ መመልከት የሚገባው ሽያጫቸው በተጠናቀቀ ሞተር ሳይክሎች ላይ የተከፈለውን ነው። የስም መመሳሰልም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሆንዳ ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ሲቀርብ የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተሮች የክራንክ ቤት (ክራንኩን የሚይዘው የሞተሩ አካል) አቀላለጥ ከኋለኞቹ የተለየ ስለነበር ሰብሳቢዎች ለእነዚህ የሚከፍሉት ዋጋ፣ በ1976 ለተሠራና ተመሳሳይ ስም ለያዘ ሞተር ሳይክል ከሚከፈለው ጋር አይገናኝም። በተመሳሳይ መንገድ የኋለኛው ካዋሳኪ 650 ባለቤት በ1972 የወጣውን 903 ሲሲ ዜድ 1 ዋጋ ተመልክቶ የራሱን ቢተምን የሚያገኘው ስልክ የማይደወልበት ማስታወቂያ ነው።

ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን ማሞቅ

ብዙ ሻጮች ይህን የሚያደርጉት በቅን ልቦና፣ ሞተሩ በአንድ ንክኪ እንዲነሳላቸው ብለው ነው። ይሁን እንጂ ልምድ ያለው ገዢ ከሰላምታ ቀጥሎ እጁን ወደ ሞተሩ ያቀርባል፤ ሞቆ ካገኘው ሌላው ሁሉ መልካም ቢሆን እንኳ ጥርጣሬው አይለቀውም። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር በቀዝቃዛነቱ ቾክ (ለማስነሻ የቤንዚኑን ድርሻ የሚጨምረው ማንሻ) ተስቦለት፣ ምናልባትም ጥቂት ተቅማምቶ መነሳቱ የተለመደ ነገር ነው። ይህንኑ ሳይቆራረጥ በቪዲዮ ቀርጾ ማሳየት ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሞዴሉን ለማያውቅ ገዢ አስቀድሞ ሊነገሩት የሚገቡ ጠባዮችም አሉ። እንደ ያማሃ አርዲ 350 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ሲነሱ ይጨሳሉ፤ ከአራት ምት ሞተር የሚወጣ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ግን የመበላት ምልክት ነው። ቀዳሚዎቹ ሲቢ 750ዎች ዘይታቸውን የሚይዙት በተለየ ታንክ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲለኩ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ጎድሎ ሊታይ ይችላል፤ ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ሞተሩ ከሠራ በኋላ ነው። ይህን ያልሰማ ገዢ ሞተር ሳይክሉ ያለ ዘይት ተቀመጠ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ከሽያጩ ዋዜማ የሚደረግ የችኮላ ማሳመር

ዝገት ላይ የተረጨ ጥቁር ቀለም ከወራት በኋላ ይላጣል፣ ዝገቱን ቀብቶ የሸፈነው ሻጭም በውሸታምነት ይታወሳል። በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው ዝገት በተለይ አይደበቅም፤ ገዢው ክዳኑን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ያየዋል፣ ባያየውም ብናኙ ከቤንዚኑ ጋር ወርዶ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። መኪና የሚታጠብበትን ባለ ግፊት ውኃ በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ መርጨትም ውኃውን ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ መሪው ማብሪያና ማጥፊያዎች ስለሚያስገባ፣ ትናንት የሚሠራው ፍሬቻ ገዢው በመጣ ቀን እንቢ ሊል ይችላል። ባልዲና ስፖንጅ ይበቃል። ያረጀውን የፋብሪካ ቀለም በወፍራም ማለስለሻ መፋቅም አያስፈልግም፤ ያልተነካ የድሮ ቀለም፣ ቢደበዝዝም እንኳ፣ ብዙ ወዳጅ አለው።

የፋብሪካ ዕቃዎችን መጣል ወይም ለብቻ መቸብቸብ

ለመንዳት የሚመቸው ማርሚታ፣ መሪ ወይም መቀመጫ ተቀይሮ ከሆነ የወጣው የፋብሪካ ዕቃ፣ የተሰበረም ቢሆን፣ አብሮ ይሰጥ። የጎን ሽፋኖች፣ የታንክ አርማዎችና እንደ ሲቢ 750 ባሉት ላይ የሚገኙት አራቱ የመጀመሪያ ማርሚታዎች ከሌሎች ዕቃዎች ሁሉ በላይ የሚፈለጉ ናቸው። አራቱ ማርሚታዎች በአንድ ከተተኩ፣ የአየር ማጣሪያው ሳጥንም ወጥቶ ትንንሽ ማጣሪያዎች ከገቡ፣ የካርቡሬተሩ ጄቶች (የሚገባውን ቤንዚን የሚመጥኑት ቀዳዳዎች) በዚያው ልክ መቀየራቸውን ወይም አለመቀየራቸውን መግለጽ ያስፈልጋል፤ ካልተቀየሩ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ጎማን በጥርሱ ብቻ መመዘን

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ደርቆ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2318 ማለት እ.ኤ.አ. የ2018 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ገዢው ማንበቡ ስለማይቀር ሻጩ ቀድሞ ያንብበው።

ቁጥሮቹን ከሰነዱ ጋር ሳያመሳክሩ መሸጥ

የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ካለው ጋር፣ ፊደል በፊደል፣ መነጻጸር አለበት። በድሮ ሆንዳዎችና ካዋሳኪዎች የሁለቱ ቁጥሮች አለመመሳሰል ብቻውን ሞተሩ መቀየሩን አያሳይም፤ ፋብሪካው ራሱ ለየብቻ ይቆጥራቸው ነበር። የ1970ዎቹ ያማሃዎች ግን ከፋብሪካ የወጡት በአንድ ቁጥር ስለነበር በእነርሱ ላይ የሚታይ ልዩነት ማብራሪያ ይፈልጋል። ስለ ተነዳው ርቀትም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ባለ አምስት አሃዝ መቁጠሪያ 99,999 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ቆጣሪዎችም በቀላሉ ይቀየራሉ፤ ስለዚህ ማረጋገጫ የሌለው ሻጭ «መቁጠሪያው ይህን ያነባል» ከማለት አያልፍ።

ሙከራን፣ ክፍያንና ርክክብን በይሉኝታ መጨረስ

የመንጃ ፈቃዱ ያልታየ፣ ሙሉውን ዋጋ በሻጩ እጅ ያላስቀመጠ ሰው ለሙከራ አይንዳ፤ ኢንሹራንሱ ሌላ ነጂን ይሸፍን እንደሆነም አስቀድሞ ይጣራ። ከተጠየቀው ዋጋ በላይ ልኮ ትርፉን ለአጓጓዥ እንዲያስተላልፉለት የሚጠይቅ የሩቅ ገዢ አጭበርባሪ ስለሆነ መልስ እንኳ አያስፈልገውም። በርክክቡ ጊዜ የቤንዚን መክፈቻው የመጠባበቂያ ቦታ የት እንደሆነ፣ ቾኩ እስከ መቼ እንደሚሳብ፣ የዚያ ዘመን ፍሬን ከዛሬው ይልቅ ረዘም ያለ ርቀት እንደሚፈልግ ለገዢው በተግባር ይታይ። የሽያጭ ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለቱም ቁጥሮች፣ ሞተር ሳይክሉ ባለበት ሁኔታ መሸጡ፣ እንዲሁም ቀኑ ከነሰዓቱ ይጻፍበት፤ የስም ዝውውሩን ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅንም ለገዢው ብቻ መተው አይገባም፣ ምክንያቱም መዝገቡ እስኪቀየር ድረስ የሚቆረጠው ቅጣት ሁሉ የሚላከው ለሻጩ ነው።