ለሃሎዊን የልጅን ፊት እንዴት መቀባት እንደሚቻል

በሃሎዊን በዓል፣ ኦክቶበር 31 ማታ፣ ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ በራችን ላይ የሚቆሙ ልጆች እጃቸውን ዝም ብለው አይዘረጉም። ይዘፍናሉ፣ ግጥም ይላሉ፣ ቀልድ ያወራሉ፤ ከረሜላው ከዚያ በኋላ ነው። ስኮትላንዶች ጋይዚንግ ይሉታል። ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የተቀበለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ለዚህ ጭምብል አይሆንም፤ ልጁን ያፍነዋል፣ ዓይኑን ይከልለዋል፣ ድምፁንም ይውጠዋል። ፊቱን መቀባት ይሻላል።

ከዋዜማው ጀምሩ። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የፊት ቀለም ግዙ፤ ነጭና ጥቁር ይበቃል። አክሪሊክ የሚባለው የሥዕል ቀለም፣ ማሸጊያው መርዝ የለውም ቢልም፣ ለፊት አይደለም። ከቀለሙ ትንሽ ክንዱ ላይ ቀብታችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ቆዳው ከቀላ ወይም ካሳከከው ተዉት። ፊቱ ላይ ቁስል ወይም ችፌ ካለም አትቀቡ። ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ልብሱ ብቻ ይበቃዋል።

ጨዋታው ከቀለሙ ይቅደም። በሳፋ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖም በአፍ መያዝ፣ ትሪክል (ወፍራም ጥቁር የስኳር ሽሮፕ) የተቀባ ስኮን የሚሉት ትንሽ ዳቦ በገመድ ተንጠልጥሎ ያለ እጅ መብላት፣ ሁለቱም የቆየ የስኮትላንድ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ፊት ያበላሻል። አንድ ዓመት ቀድመን ቀብተን የግማሽ ሰዓት ሥራ ሳፋው ውስጥ ቀረ።

አሁን የራስ ቅል እንሥራ። ፊቱን አጥባችሁ አድርቁ፣ ፀጉሩን ወደኋላ ያዙ። ስፖንጁን አርጥባችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቁት፤ ውሃ ከበዛበት ቀለሙ ይወርዳል። ስስ ነጭ በጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል። ለማድመቅ ብላችሁ ካወፈራችሁት ደግሞ ልጁ ሲስቅ ይሰነጠቃል። እኔ ሙሉ ፊት አልለብጥም። ግንባሩን፣ የጉንጩን አጥንትና አገጩን ብቻ ነጭ እቀባለሁ፣ ሲደርቅ እደግመዋለሁ። የጉንጩ ስር ጥላ የልጁ የራሱ ጠይምነት ነው። በጥቁር ቀለም የሚደረስበት አይደለም፣ ያምራል።

ነጩ እስኪደርቅ ዘፈኑን አስጠኑት። ጥርሱ ከተሣለ በኋላ አፉን ገጥሞ መቆየት አለበት።

ጥቁሩ መጨረሻ ነው። ዓይንህን ጨፍን ስትሉት ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል። የእጃችሁን ጀርባ ጉንጩ ላይ አሳርፋችሁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ ከሽፋሽፍቱ ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን በሰፊው አጥቁሩ። አፍንጫው ጫፍ ላይ የተገለበጠ ልብ፣ ከንፈሩ ላይ ከላይ ወደ ታች አጫጭር መስመሮች። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስፖንጅና ብሩሽ ይኑር።

ስትወጡ ፋኖስ ያዙ። ዱባ ከመለመዱ በፊት እዚህ የሚቦረቦረው ኒፕ የሚሉት ጠንካራ ሥራሥር ነበር፤ እሱን መቦርቦር የአዋቂ ሥራ ነው። ውስጡ ሻማ ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ መብራት አድርጉ፤ የሃሎዊን ልብስ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። የሚንኳኳውም ዱባ ወይም ፋኖስ በሩ ላይ ያወጣ ቤት ብቻ ነው።

ሲመለስ ፊቱን አትፈትጉ። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ፎጣ ለአንድ ደቂቃ አሳርፉበት፣ ከዚያ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። የዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ካልለቀቀ ፎጣውን ድገሙት።