በትምህርት መርከብ ላይ ለመሥራት ከአዲስ አበባ ለምትነሡ

ባለፈው ማክሰኞ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ አንድ ወጣት ከፕላስቲክ ፋይል ውስጥ የክፍያ ደረሰኝ አውጥቶ አሳየኝ። የተከፈለው 180,000 ብር ሲሆን ምክንያቱ «የመርከብ ሥራ ምዝገባና ቪዛ» ይላል። ገንዘቡን እናቱ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው የሰጡት ነው። ከደረሰኙ ጋር የተያያዘው «ውል» ሁለት ገጽ ብቻ ነበር፤ የመርከቡ ስም፣ የአሠሪው አድራሻም ሆነ የወር ደመወዙ መጠን አልተጻፈበትም። ደላላው ስልኩን ካጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እኔ በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ ሠርቼ ስለተመለስኩ ሰዎች በየሳምንቱ ስለዚሁ ጉዳይ ይጠይቁኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ መልሴን ከዚህ ጽሑፍ ያገኙታል።

በመጀመሪያ የምንነጋገርበት ነገር ምን እንደሆነ ይታወቅ። ከትምህርት መርከቦች በጣም የታወቀው ሴሜስተር አት ሲ የተባለው የአሜሪካውያን ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥሩ በ1963 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የባሕር ላይ ዩኒቨርሲቲ ይመዘዛል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርቱን ክሬዲት የሚሰጠው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹን የሚያጓጉዘው ወርልድ ኦዲሲ የተባለ መርከብ በጀርመን ኪል ከተማ ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ዶይችላንድ በሚል ስም አገልግሎት የጀመረ ነው። አንድ ጉዞ ከመቶ ቀን በላይ ይፈጃል፤ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ አገሮች ወደብ ይቆማል። መርከቡ በባሕር ላይ ሲሆን ክፍል ይካሄዳል፣ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ተማሪው ለጥቂት ቀናት ይወርዳል።

በመርከቡ ላይ ያለው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አይገባውም። አንደኛው የመርከቡ ሠራተኛ መሆን ነው፤ ይህም የመርከቡን ማሽንና ወለል፣ ማዕድ ቤቱን፣ የመኝታ ክፍሎቹን ጽዳት ያጠቃልላል፤ ቀጣሪውም መርከቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ሁለተኛው የትምህርት ፕሮግራሙ ሠራተኛ መሆን ነው፤ በተማሪዎች ጉዳይ፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በጉብኝት ዝግጅት፣ በኮምፒውተር ጥገና የሚሠሩት ከዚህ ይመደባሉ፤ ቀጣሪያቸውም የትምህርት ተቋሙ ነው። የመጀመሪያው ስሙ በክሩ ሊስት (በመርከበኞች ስም ዝርዝር) ላይ ይሰፍራል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር በተሳፋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ ሁለቱም ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ለአንድ አገር የጠረፍ ፖሊስ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ለደላላ ስለሚከፈል ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከመርከበኛ የምልመላና የምደባ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። መርከበኛው ራሱ የሚሸፍነው የፓስፖርቱን፣ የሲማን ቡኩን (የመርከበኛ መታወቂያ ደብተሩን) እና የሕክምና ምስክር ወረቀቱን ወጪ ነው፤ የቪዛ ወጪ ሳይቀር በመርከቡ ባለቤት ላይ ነው። ስለዚህ ቢሮው ስታዲየም አካባቢ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለምዝገባ ገንዘብ የጠየቃችሁን ሰው ትታችሁ ውጡ። በየጊዜው ይህን ስናገር «እሱ ግን ሌላ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ ያውቀዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ ቸልተኝነት ያናድደኛል፤ የሚጠፋው የእናትና የአባት ገንዘብ ነውና።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ጉዳይ በዝርዝር ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ የተቀጠርኩት በተማሪዎች ጉዳይ ሥራ ሲሆን መርከቡን የተቀላቀልኩት ሐምቡርግ ነበር። መንገዱ ከጀርመን ወደ ፖርቱጋል፣ ከዚያ ወደ ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ ደግሞ ወደ ግሪክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ኤምባሲ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በመካከላቸው የጠረፍ ቁጥጥር ወደሌለባቸው የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባውን የጋራ ቪዛ፣ አገኘሁ። ፓስፖርቴ ሲመለስልኝ ቪዛው የሚያበቃበትን ቀንና የተፈቀደልኝን የቀናት ብዛት አየሁ፤ ቀኑ ለጉዞው ከበቂ በላይ ስለነበር ፓስፖርቱን ዘጋሁት። በዚያው ተለጣፊ ላይ የመግቢያ ብዛት በሚለው መስመር ትይዩ «01» የሚሉ ሁለት አኃዞች ታትመው ነበር፤ አላየኋቸውም፣ ባያቸውም ትርጉማቸውን አላስብም ነበር።

ሐምቡርግ ስገባ አንዱን መግቢያዬን ተጠቀምኩ። ፖርቱጋልም ሸንገን ስለሆነች ሊዝቦን ላይ ችግር አልገጠመኝም። ወደ ካዛብላንካ ስንነሣ ግን ፓስፖርቶቻችን የመውጫ ማኅተም ተመታባቸው፤ ቪዛዬ በእጄ እያለ፣ ቀኑም ገና ሳያልቅ፣ በዚያች ቅጽበት ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒሬዎስ ወደብ ስንደርስ የግሪክ ፖሊሶች ወደ መርከቡ ወጥተው ፓስፖርቶቹን ሲያገላብጡ የእኔ ለብቻው ጠረጴዛው ዳር ላይ ተቀመጠ። በዚያን ቀን ሃያ ሁለት ተማሪዎችን ይዤ ወደ ዴልፊ መሄድ ነበረብኝ። ሌላ ሰው ይዟቸው ሄደ፤ እኔ አምስት ቀን ሙሉ የፒሬዎስን መኪኖችና ጀልባዎች የመርከቡን የብረት አጥር ተደግፌ ሳይ ሰነበትኩ። ሲማን ቡክ ኖሮኝ ቢሆን እንኳ አይጠቅመኝም ነበር፤ ሸንገን ያለ ቪዛ እንዲወርዱ ሊፈቅድ የሚችለው ስማቸው በክሩ ሊስት ላይ ላለ መርከበኞች ብቻ ሲሆን፣ እነሱም ከወደቡ ከተማና ከአጎራባቾቹ አያልፉም። ታምሜ ሆስፒታል መግባት ቢያስፈልገኝ ወይም ጉዞው እዚያው ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር እስካሁን ሳስበው ያስጨንቀኛል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከያኔው ይልቅ ጠብቋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለሚይዙ ቀጣሪው ይህን ሐሳቡ ውስጥ ላያስገባው ይችላል፤ የሚያስገባው እናንተ ስትነግሩት ነው። ስለዚህ ቅጥሩን ከመቀበላችሁ በፊት የጉዞውን የወደቦች ቅደም ተከተል ጠይቁና በወረቀት ላይ ጻፉት። መርከቡ ከሸንገን አገሮች ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ መሆኑን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ቁጠሩ። ከሆነ፣ ለቀጣሪው በኢሜይል አሳውቁና እንዴት እንደሚፈታው በጽሑፍ ይመልስላችሁ። «ወደቡ ላይ እናስተካክለዋለን» የሚል መልስ ፈጽሞ አትቀበሉ፤ ለእኔም የተባልኩት ይኸው ነበር።

ለአሜሪካ ወደቦች በክሩ ሊስት ላይ ያለ ሰው ሲ ዋን ዲ የተባለውን የመርከበኛ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በእሱ የወረደ መርከበኛ የሚፈቀድለት ቢበዛ 29 ቀን ነው። ለቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ቶሎ ያዙ።

የቢጫ ወባ ካርድ ያለ ምንም ክርክር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች፣ እንደ ሕንድ ያሉ አገሮች ካርድ የሌለውን ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነርሷ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከጻፈችው እዚያው ቆማችሁ አስቀይሩ፤ 2017 የሚል ካርድ ይዞ ሙምባይ የደረሰ ሰው ማስረዳት አይችልም። ስማችሁንም በማናቸውም ፎርም ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ቅደም ተከተልና ፊደል ብቻ አስጽፉ፤ «ጸሐይ»ን አንዱ ጋ በቲ ኤስ፣ ሌላው ጋ በቲ ብቻ የሚጀምር ሰው አንድ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ሊኖርበት ነው። ፓስፖርታችሁ ጉዞው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረውና በቂ ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። መርከቡ ላይ ስትደርሱ ፐርሰሩ (የመርከቡ የሰነድና የሒሳብ ኃላፊ) ፓስፖርቱን ይረከባችኋል፤ ኮፒውን ሁልጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

በመርከቡ ላይ የመጀመሪያው ቀን የደወል ልምምድ ነው። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ድምፅ ስትሰሙ የሕይወት አድን ጃኬታችሁን ይዛችሁ ወደተመደባችሁበት ቦታ ሂዱ፤ ልምምድ ነው ብላችሁ አትተኙ። ሰዓቱን የሚነግሯችሁ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 18፡00 የእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው። ወደብ ላይ መመለሻ ሰዓት የሚለጠፈው ጋንግዌዩ (የመርከቡ መውጫና መግቢያ መሰላል) አጠገብ ሲሆን፣ «ስድስት ሰዓት» ብለው አእምሯቸው ውስጥ ያስቀመጡ ሁለት ወገኖቼ መርከቡ ሊነሣ ሲል እየሮጡ ደርሰዋል።

የቡና ምድጃ ይዛችሁ አትምጡ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጀበናዋን፣ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃና የእጣን ማጨሻዋን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ነበር፤ ጥበቃው ምድጃውን ጋንግዌዩ ላይ ወሰደባት፣ እጣኑም የጭስ መጠቆሚያውን ስለሚያስጮኸው ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። ጀበናዋን ግን አልተወችውም፤ የማዕድ ቤቱን ኃላፊ አስፈቅዳ እሑድ እሑድ እዚያው ታፈላበት ጀመር፣ ፊሊፒኖዎቹ መርከበኞችም ሦስተኛውን ይጠብቁ ነበር። በርበሬና ሽሮ ግን የታሸገ ይሁን፤ አንዳንድ ወደብ ላይ የምግብ ቁጥጥር አለ።

ስለ ዕረፍት አትፈሩ። ሕጉ በማናቸውም 24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። በወሩ መጨረሻ የሰዓት መዝገብ ሲሰጣችሁ ያላረፋችሁትን ሰዓት አርፌያለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። የእኛ ሰው ሹም ፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ነገር ግን ያ ፊርማ ነገ ስትታመሙ የሚወጣባችሁ ነው።

ተማሪዎቹ ልጆች ናቸው፤ ስለ አገራችሁ ይጠይቋችኋል። ኢትዮጵያ ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር በር ስለሌላት ጉዞው አገራችሁን አይነካም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት ከእናንተ የሚሰሙትን ይሆናል። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ዓድዋን በትክክለኛ ዓመታቸው ለመናገር ተዘጋጁ። ከዚህ አልፎ ከተማሪ ጋር የግል ግንኙነት ውስጥ መግባት ከሥራ ያስባርራል፤ በዚህ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦሌ ላይ ደግሞ የመመለሻ ትኬት ትጠየቃላችሁ። መርከብ ለመቀላቀል የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የመሄጃ ትኬት ብቻ ስላለው፣ የተፈረመ ውላችሁን፣ የቀጣሪውን ደብዳቤና የፖርት ኤጀንቱን (በወደቡ ያለውን የመርከቡን ወኪል) ስልክ ቁጥር በወረቀት ታትሞ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት። ቁጥሩን በስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፤ ሐምቡርግ ስደርስ የእኔ ባትሪ አልቆ ነበር፤ ታክሲውን ያቆመልኝ ያ ወረቀት ነው።