«ቪትዜ ይሞቃል ምን ላድርግ» ብለህ ብቻ አትጻፍ አቦ

አቦ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሳምንት ስንቴ እንደማይ እኔ ነኝ የማውቀው፣ «ሰላም የድሬ ልጆች መኪናዬ ይሞቃል መፍትሄ ካላችሁ» ተብሎ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። ከስሩ አንዱ ቴርሞስታት (የራዲያተሩን ውሃ መንገድ የሚከፍት የሚዘጋው) ነው ይላል፣ አንዱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተበላሽቷል ይላል፣ አንዱ ሽጠህ ባጃጅ ግዛ ይላል፣ ሰውየው ደግሞ በማግስቱ ያላስፈለገውን ራዲያተር ገዝቶ ቁጭ። መላሾቹ ላይ አትፍረድ፣ የሚያዩት ነገር የላቸውም።

መጀመሪያ የመኪናው ማንነት። «ቪትዝ 99 ሞዴል» አይበቃም ምክንያቱም 99 በማን አቆጣጠር ነው? በፈረንጅ 1999 ከሆነ የመጀመሪያው ቪትዝ የወጣበት ዓመት ነው፣ በኛ 1999 ከሆነ ግን በነሱ 2006 ወይ 2007 ነው፣ ያኔ ቅርጹም ተቀይሯል፣ ሌላ መኪና በለው። ስለዚህ «በፈረንጅ» ወይ «በኛ» ብለህ ጻፍ። ከዓመተ ምህረቱ የሚሻለው ግን የሻንሲ ቁጥሩ ነው፣ ሊብሬው ላይ አለ፣ ኮፈን ስትከፍት ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ በተመታች ትንሽ ቆርቆሮም ላይ ታገኘዋለህ። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ከሆነ ከሰረዟ በፊት ያለው ይበቃል። ኤስሲፒ10 ካለ ሞተሩ 1.0 ነው፣ ኤንሲፒ10 ካለ 1.3 ነው፣ ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። እኔ ራሴ ይሄን የተማርኩት ለእህቴ መኪና የውሃ ፓምፕ ከአዲስ አበባ ሳስልክ ነው፣ «የቪትዝ» ብዬ ብቻ አዘዝኩ፣ የመጣው የ1.3 የሷ መኪና 1.0፣ መኪናዋ ሳቢያን ሰፈር ሶስት ቀን ቆመች፣ እህቴ እስካሁን ትሰድበኛለች።

ሊብሬውን ግን ሙሉውን ፎቶ አንስተህ አትለጥፍ፣ ስምህም አድራሻህም አለበት። ታርጋም ማንም አይፈልግም።

አሁን ዋናው ነገር፣ መቼ ነው የሚያደርገው? ቀዝቃዛ እያለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ፣ ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ፣ ኤሲ በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ። እኛ ጋ ደግሞ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት አለልህ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ መኪናህ ያንን ዳገት ሲወጣ የሚያሳየው ጠባይ ትልቅ መረጃ ነው። ከዚራ ሰፈር ቆሞ እየሰራ ከሞቀና መንገድ ሲይዝ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ፋኑን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ነው የምጠረጥረው። ከተማ ውስጥ ሰላም ሆኖ ደንገጎ አጋማሽ ላይ ከሞቀ ግን ራዲያተሩ ሳይደፈን አይቀርም፣ ወይ ፓምፑ ውሃ አይገፋም። ምን ውሃ እንደምትጨምርም ተናገር፣ የድሬ የቧንቧ ውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቀው የለ፣ ራዲያተር ውስጥም ያው ነው። (ቀዩ የሙቀት መብራት ከበራ ደግሞ መጀመሪያ ቁም፣ የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ እንዳትነካው፣ ጥያቄው ይደርሳል።)

የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ቀለሙንና የት በኩል እንደሆነ ጻፍ። ኤሲ ከፍተህ ከነበረና ከጋቢናው ስር ንጹህ ውሃ ከሆነ የኤሲ ውሃ ነው፣ ተኛ። ጭስም እንደዛው፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ድፍን ያለ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አልጠፋ ካለ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ከሆነ በጽሑፍ «ቀጭ ቀጭ ይላል» አይረዳም፣ ያንተ ቀጭ ቀጭ የኔ ጓ ጓ ነው። ከመነሳቱ በፊት ጀምረህ 20 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ዘፈኑን አጥፋ።

ቼክ ኢንጂን የሚባለው መብራት ከበራ ኮዱን በማሽን አስነብብና ቁጥሩን እንዳለ ጻፍ፣ «ሴንሰር ነው አሉኝ» አትበል። ለምሳሌ ፒ0171 ማለት ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፣ አየር የምታስገባ የተሰነጠቀች ጎማ ቱቦም ልታመጣው ትችላለች፣ ብዙ ሰው ግን ሮጦ የኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ባትሪ ነቅለህ መብራቱን ያጠፋህ ከሆነም ተናዘዝ። የሐረር ፔጆ 404 ያለህ ሰው ይሄን ዝለለው፣ ያንተ አሮጌ ነው፣ ቼክ ኢንጂንም የለው፣ በጆሮና በአፍንጫ ነው የሚታወቀው።

ከዚህ በፊት የተቀየረውንም አትደብቅ፣ አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ካከራከረን በኋላ «ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ፣ ከዛ ነው የጀመረው» አለ፣ ወላሂ ስልኬን ልወረውር ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ጻፍ፦ «ቪትዝ፣ 2002 በፈረንጅ፣ ኤስሲፒ10፣ አውቶማቲክ። ከድሬ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ አጋማሽ ላይ ኤሲ በርቶ ይሞቃል፣ ከተማ ውስጥ ምንም የለውም። ቴርሞስታት ባለፈው ወር ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። የቧንቧ ውሃ ነው የምጨምረው። ነጭ ጭስ የለም፣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት አልነጣም።» ይሄን ያነበበ ሰው ፋን ቀይር አይልህም፣ መጀመሪያ ራዲያተሩን አውርደህ አሳጥብ ነው የሚልህ።