ዓይን ሲገለጥ የሚጠፋ ሜካፕ፦ የተደረበ የዓይን ቆብ ላላቸው ችግርና መፍትሄ

ዓይንሽን ጨፍነሽ ያማረው ሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) ስትገልጪው የውሃ ሽታ ከሆነ፣ ኩልሽ ከቅንድብሽ ሥር ከታተመ፣ ከዓይንሽ ጫፍ ወደ ውጪ ካሰመርሽው ክንፍ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ከተሰበረ፣ ዕቃ ለመቀየር ከመሮጥሽ በፊት የዓይንሽን ቆብ አስተውዪው። አብዛኛው የሜካፕ ትምህርት ሰፊ ቆብ ላለው ዓይን የተሰናዳ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ጠቆር ያለውን፣ ቆቡ ላይ ብሩሁን ቀቢ ይልሻል። ያንቺን እጥፋት ግን ከቅንድብ ሥር የወረደው ቆዳ እንደ መጋረጃ ጋርዶታል። ከመጋረጃው ጀርባ የቀባሽውን ማን ያይልሻል?

ሰው የሚያይሽ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው። ስለዚህ የቀለሙም የመስመሩም ቦታ የሚለካው ዓይን ተገልጦ ነው፤ የምትጨፍኚው የለካሽውን ለመሙላት ብቻ ነው። ከታች የምታነቢው መፍትሄ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

በመጀመሪያ ያንቺን ለዪ

መስታወቱን በዓይንሽ ትክክል አቁሚና ፊት ለፊት ተመልከቺ። እጥፋትሽ በቆዳ ተሸፍኖ ከሽፋሽፍትሽ በላይ የሚታየው ቆብ ጠባብ ክር ያህል ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ የተደረበ ቆብ ነው ያለሽ። ብዙ ሰው ሲወለድ ጀምሮ አለው፤ ዕድሜ ሲጨምርም ቆዳው ስለሚላላ ይብስበታል። የተደረበው ቆዳ ሳይሆን ሽፋሽፍቱ የበቀለበት የቆቡ ጠርዝ ራሱ ወደ ብሌኑ ወርዶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ቆቡን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ መድከሙን ወይም መላላቱን ያሳያል። የተደረበውን ቆዳ ሜካፕ በደንብ ይደብቀዋል፤ የወረደውን ጠርዝ ግን በከፊል ብቻ።

ስትመለከቺ ግንባርሽን ተጠንቀቂ። ቆባቸው የከበደ ሰዎች ሳያውቁት ቅንድባቸውን ያነሳሉ፤ መስታወት ፊት ሲቆሙ ደግሞ ይብሳል። በተነሳ ቅንድብ የለካሽው እጥፋት ፊትሽ ሲዝናና አብሮ ይወርድና ይደበቃል። ለማረጋገጥ የግራ እጅሽን መዳፍ ሳትጫኚ ግንባርሽ ላይ አሳርፊ። ብሩሹን ወደ ዓይንሽ ስታስጠጊ ከመዳፍሽ ሥር ቆዳው ሲሸበሸብ ከተሰማሽ፣ ቅንድብሽ እየተነሳ ነው።

ችግር፦ ሻዶው ዓይን ሲገለጥ አይታይም

መንስኤው ጥቁሩን ቀለም በተፈጥሮው እጥፋት ውስጥ ማስቀመጥሽ ነው። መፍትሄው ከእሱ በላይ ሌላ እጥፋት መፍጠር ነው።

ከቆዳሽ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የጠቆረ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ምረጪ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ካለሽ ግራጫ ከሚያወጣው ቡናማ ይልቅ ቀላ ያለው ይሻልሻል፤ ግራጫው አመድ የተነፋበት ያስመስላል። ትንሽ፣ ጫፏ ክብ የሆነች ብሩሽ ያዢ። ፊት ለፊት እያየሽ፣ ከተደረበው ቆዳ ጠርዝ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለሽ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጊ፦ ከብሌኑ ትክክል፣ ከውጪኛው ማዕዘን በላይ፣ እና በሁለቱ መሃል። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ነጥቦቹን አገናኚና ወደ ላይና ወደ ውጪ አዋህጂ። ወደ አፍንጫሽ አትሂጂበት፤ ጥላው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ዓይኖችሽ የተቀራረቡ ይመስላሉ። አሁን ጨፍነሽ ከሽፋሽፍቱ እስከዚህ መስመር ያለውን ለስለስ ባለ ቀለም ሙዪ።

ጨፍነሽ ስታዪው አስቀያሚ ሊመስልሽ ይችላል፤ ጥላው ከሚገባው በላይ ወጥቶ ቅንድቡን የተጠጋ ይመስላል። አትደንግጪ፣ አትጥረጊውም። ገልጠሽ እዪው።

የሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ የተደረበው ቆዳ ላይ አይቀባም። ብልጭታ ብርሃን ይመልሳል፣ ብርሃን የነካው ነገር ደግሞ ወደ ፊት ይወጣል። አንቺ የምትፈልጊው ያ ቆዳ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ነው። ብልጭታውን ከብሌኑ ትክክል ቆቡ ላይ ወይም በውስጠኛው ማዕዘን በጣት ጫፍ ነካ አድርጊው፤ ዓይንሽን ባርገበገብሽ ቁጥር ብቅ እያለ ያምራል።

ችግር፦ ኩሉ ከላይ ይታተማል፣ ሻዶው እጥፋቱ ላይ ይጠራቀማል

ይህ ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ነው። ሰው ወዲያው ኩሉን ይወቅስና ሌላ ይገዛል። ያም ይታተማል።

የተደረበ ቆብ ላይ ሁለት ቆዳዎች ቀኑን ሙሉ ይነካካሉ፤ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ይፋተጋሉ። መሃላቸው ሙቀት፣ ላብና የቆዳ ቅባት አለ። ውሃ የማይበግረው ተብሎ የሚሸጥ ላይነር (የዓይን ማስመሪያ) ውሃን ይቋቋማል እንጂ ቅባትን አይቋቋምም። ማታ በዘይት ነክ ማጽጃ በቀላሉ የሚለቅቀውም ለዚሁ ነው። የቆዳሽ ቅባት ያንኑ ሥራ ቀን ላይ ይሠራብሻል።

ጠዋት የዓይን ክሬም ቆብሽ ላይ አታድርጊ፤ ለማታ ይቆይሽ። ቆቡን ቅባት በሌለው ማጽጃ አጽጂና አድርቂ። የክብሪት ራስ የሚያህል የዓይን ፕራይመር (ከሜካፕ በፊት የሚቀባ መያዣ) ለሁለቱም ዓይን ይበቃል፤ ሲበዛ እሱ ራሱ ይንሸራተታል። በፕራይመር ፋንታ ኮንሲለር (የቆዳ ጉድለት መሸፈኛ) መቀባት ለሌላው ዓይን ያስኬድ ይሆናል፤ ለዚህ ዓይን ግን አልመክርም፣ አብዛኛው ቅባታም ስለሆነ እጥፋቱ ላይ ይሰበሰባል። ፕራይመሩ ሲደርቅ ቀለም የሌለው ፓውደር ስስ አድርገሽ በትኚ። የሚረሳው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ፓውደሩን ቆቡ ላይ ብቻ አድርገሽ አታቁሚ፣ ከላይ የሚደረበውንም ቆዳ እስከ ቅንድቡ ሥር አድርሺው። የሚነካካው ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱን ብቻ ካደረቅሽ ሌላው ያበላሸዋል።

ከላይነር ውስጥ ተቀብቶ የሚደርቀው ጄል እርሳስ ወይም ፈሳሹ ይሻላል። ለስላሳው የኩል እርሳስ ቀኑን ሙሉ ስለማይደርቅ ለታችኛው ሽፋሽፍት ይሁን። የትኛውንም ተጠቀሚ፣ ካሰመርሽ በኋላ አንድ ደቂቃ ወደ ታች እያየሽ ቆዪ። እርጥብ ሳለ ቀና ካልሽ ማኅተሙ ያኔውኑ ይመታል። ከዚያ መስመሩን በተመሳሳይ ቀለም ደረቅ ሻዶ ደርቢበት።

ችግር፦ ክንፉ ይሰበራል

ጨፍነሽ ያሰመርሽው ቀጥ ያለ ክንፍ፣ ስትገልጪ የተደረበው ቆዳ መሃሉን ይውጠዋል። የቀረው ጫፍ ወደ ታች የታጠፈ ይመስላል፣ ዓይንሽንም ያሳዝነዋል። ብዙዎች ቆዳውን በጣት ወደ ጆሮ ስበው ያሰምራሉ፤ ይህ ችግሩን ያባብሰዋል፣ ስትለቂው መስመሩ አብሮ ይጨማደዳልና።

ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ፊት ለፊት እያየሽ፣ የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ቢቀጥል ወደ ቅንድብሽ መጨረሻ በሚያመራበት አቅጣጫ አጭር ሰረዝ አስምሪ። ከሰረዙ ጫፍ ተመልሰሽ በተደረበው ቆዳ ላይ ቀጥ አድርገሽ ወደ ሽፋሽፍቱ አምጪው። አሁን ጨፍኚ፤ እጥፋቱ ላይ ደረጃ የመሰለ ክፍተት ይታይሻል። እሱን ሙዪው። የተጨፈነው ዓይን ላይ የሌሊት ወፍ ክንፍ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል፣ የተገለጠው ላይ ግን መስመሩ አንድ ወጥ ነው። እጥፋትሽ እስከ ዓይንሽ ጫፍ ድረስ ወርዶ ከሆነና አልሆን ካለሽ፣ ክንፉን ተዪው። የውጪውን ማዕዘን በጠቆረ ሻዶ ወደ ላይ ማለስለስ ያንኑ ውጤት በግማሽ ልፋት ይሰጥሻል።

ችግር፦ ተኩዬ ዓይኔ አነሰ

መንስኤው ወፍራም ላይነር ነው። ያለሽ ቆብ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነና አንቺም 2 ሚሊ ሜትር ካሰመርሽ ምን ተረፈ? መስመሩን በሽፋሽፍቱ ሥሮች መሃል ነጥብ በነጥብ አስገቢው፣ ወደ ውጪ ብቻ ትንሽ ይወፍር። የታችኛውን የውስጥ ጠርዝ በጥቁር መዝጋትም ያጠብባል፤ በቆዳ ቀለም ወይም በክሬም ቀለም እርሳስ ቀይሪው።

በላይኛው ቆብ የውስጥ ጠርዝ መኳል ለተደረበ ቆብ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ዓይንሽ የሚደርቅ ወይም የሚቆጠቁጥ ከሆነ ግን አታድርጊው። እንባ ቶሎ እንዳይተን የሚያደርገውን ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎች አፋቸው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው፤ ኩሉ ሊደፍናቸው ይችላል። ምን እንደተቀመመ የማይታወቅ የዱቄት ኩልም ይቅርብሽ፤ አንዳንዱ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። ላሳምር ብላ ዓይኗን አጠፋች እንዳይሆን።

ችግር፦ ማስካራው ከቅንድብ ሥር ነጠብጣብ ያትማል

ሽፋሽፍቱ ሲታጠፍ የተደረበውን ቆዳ ይነካል፤ ቅባቱ ማስካራውን ያሟሟዋል። ውሃ የማይበግረው እዚህም ላያድንሽ ይችላል። የሚያድንሽ ቱቢንግ የሚባለው ማስካራ ነው፤ እያንዳንዱን ፀጉር በስስ ሽፋን ይጠቀልላል፣ ቅባት አያሟሟውም፣ ማታ ለብ ባለ ውሃ ተንሸራቶ ይወጣል። ማጠፊያውን ከማስካራው በፊት ተጠቀሚ፣ ሥሩ ላይ ጫን፣ ጫፉ ላይ ላላ። ማስካራውን ከሥሩ አብዢ፣ ጫፉን እለፊው። ከከፈትሽው 3 ወር ያለፈውን ጣይው።

ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ላይ አጭር ቃል፦ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የሆነው ቆቡን ያከብደዋል፣ ጥላም ይጥላል። ቁረጪና የውጪውን ግማሽ ብቻ ለጥፊ።

ችግር፦ ሁለቱ ዓይኖች አይመሳሰሉም

የማንም ሰው ሁለት ዓይን እኩል አይደለም፤ ሜካፑ እኩል ከሆነ ልዩነቱን ያጎላዋል። ይበልጥ ከተከደነው ጀምሪ፤ እሱ የፈቀደው የመስመር ውፍረት ነው ለሌላው መለኪያ የሚሆነው። በተከደነው ላይ መስመሩ ይሳሳ፣ ጥላው ትንሽ ከፍ ይበል፤ ሰፊው ላይ መስመሩ ይወፍር። የቆብ ማንሻ ፕላስተርም የሚረዳቸው አሉ፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ከሜካፕ በፊት ይለጠፋል። ለአንድ ቀን ዝግጅት እሺ፣ ለዕለት ተዕለት ግን ቆዳውን ያስቆጣል።

ልዩነቱ አዲስ ከሆነ ግን ብሩሹን አስቀምጪ። አንዱ ቆብ በድንገት ከወረደ፣ በተለይ ከባድ ራስ ምታት፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት፣ የብሌን መጠን መለያየት ወይም የፊት መጣመም ካለ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚወርድ ቆብም የጡንቻ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ለብዙ ዓመት ኮንታክት ሌንስ ያደረጉ ሰዎችም ቆባቸው ሊወርድ ይችላል። ቆዳው ወይም ቆቡ እይታሽን ከጋረደ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ለአንዳንድ ዓይነት የወረደ ቆብ ደግሞ 0.1 በመቶ ኦክሲሜታዞሊን ያለው የዓይን ጠብታ በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ያው ንጥረ ነገር ለአፍንጫ በሚነፋ መድኃኒት ውስጥም አለ፤ እሱን ዓይን ውስጥ መጨመር ግን በፍጹም አይሞከርም።