የኮንሰርት ፊልም ኦስካር ይወስድ እንደሆነ እንዴት ይገመታል?

ከታላቅ እህቴ ጋር በየዓመቱ በኦስካር እንወራረዳለን። የተሸነፈ ለአንድ ወር ሳህን ያጥባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የቴይለር ስዊፍት "ኤራስ ቱር" ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ "ይሄማ ሳይታጭ አይቀርም" ብዬ ተወራረድኩ። ጎልደን ግሎብ የተባለው ሌላው የፊልም ሽልማት ለገቢ ስኬት ባወጣው አዲስ ዘርፍ አጨው። እሱንም "ባርቢ" ወሰደችው። ኦስካር ላይ ጭራሽ ስሙም አልተነሳ። ሳህኑን አጠብኩ።

እናንተ ሳህን እንዳታጥቡ መጀመሪያ ደንቡን እዩ። ኦስካር ለኮንሰርት ፊልም የራሱ ዘርፍ የለውም። ስለዚህ የሚገፋው ወደ ዘጋቢ ፊልም ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ጨካኝ አንቀጽ አለች፦ መድረክ ላይ የሆነውን እንዳለ የቀዳ ሥራ አይወዳደርም። ማስታወቂያ የሚሸትም እንደዚያው። በምርጥ ዘፈን በኩል እንግባ ብትሉም አይሆንም። ዘፈኑ ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ኮንሰርት ላይ የሚዘፈነውን ግን ሕዝቡ ቀድሞ በቃሉ ይዞታል።

ቀጥሎ መጀመሪያ የት እንደታየ አጣሩ። ሲኒማ ሳይገባ ቴሌቪዥን ወይም ስትሪሚንግ ላይ ከወጣ ኦስካርን እርሱት፣ የቴሌቪዥኑን ሽልማት ኤሚን አስቡ። ዘፋኙ ኤልተን ጆን ከሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም በቀጥታ የተላለፈው የስንብት ኮንሰርቱ በ2024 ኤሚ አስገኝቶለታል።

ዋናው ሥራ አሁን ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ካሜራው መድረኩን ትቶ በሄደ ቁጥር አንድ ሰረዝ ጻፉ፤ ሰረዙ ሲበዛ ፊልሙ መድረኩን ብቻ እንዳልቀዳ ያሳያል። ስለ ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል የተሠራውን "ዉድስቶክ"ን ሳይ ገጹ አልበቃኝም። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ሽንት ቤት የሚያጸዳው ሰውዬ ሳይቀር አለ። ከኤዲተሮቹ አንዱ በኋላ ታዋቂ ዳይሬክተር የሆነው ወጣቱ ማርቲን ስኮርሴዚ ነበር። ፊልሙ በ1971 በዘጋቢ ፊልም አሸነፈ፣ በኤዲቲንግና በድምፅም ታጨ። "ሰመር ኦፍ ሶል" ላይም እንደዚያው ነው። በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ሰፈር የተካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል ቀረጻ ሃምሳ ዓመት ገደማ ተቀምጦ ከርሟል። ዳይሬክተሩ ኩዌስትላቭ ግን ዘፈኑን ብቻ ቆራርጦ አልለጠፈም። ያኔ ልጅ ሆኖ እዚያ የነበረን ሰው አስቀምጦ ምስሉን ያሳየዋል፣ የሰውየውንም ፊት ይቀርጻል። እኔ እዚያች ጋ እስክሪብቶዬን ጥዬ አለቀስኩ። በ2022 ኦስካሩን ወሰደ። የሚገርመው፣ ሁለቱም ፌስቲቫሎች የተካሄዱት በዚያው በ1969 ክረምት፣ በዚያው በኒውዮርክ ግዛት ነው።

ሰረዙ ከአስር ካነሰ ኦስካር ላይ አትወራረዱ። የሙዚቃው ሽልማት ግራሚ ለሙዚቃ ፊልም የራሱ ዘርፍ አለው፤ የቢዮንሴ "ሆምካሚንግ" በ2020 እዚያ አሸንፏል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የ"ቶኪንግ ሄድስ" ባንድ ኮንሰርት ፊልም "ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ" በእኔ ደብተር ምንም ሰረዝ የለውም ማለት ይቻላል። ዘፋኙ ዴቪድ በርን ጊታርና ቴፕ ይዞ ባዶ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ባንዱ አንድ በአንድ ይቀላቀለዋል፣ ተመልካቹ እንኳ የሚታየው ወደ መጨረሻው ነው። ዳይሬክተሩ ጆናታን ዴሚ ታሪኩን እዚያው መድረኩ ላይ ሠራው። የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም ሐያሲያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ዘጋቢ ፊልም አለው። ኦስካር አላጨውም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ የእኔ ዘዴ ግን "ይሸነፋል" ይላል፣ ልክም ነው።

ደብተራችሁን ደህና ቦታ ደብቁ። የእኔን እህቴ አግኝታዋለች።