የነፍሰ ጡር ሆድ መዳሰስን ለሚድዋይፈሪ ተማሪዎች እንዴት አስተምራለሁ

ጎንደር ጠዋት ይበርዳል። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ "እጃችሁን ታጠቡና አሙቁ" እላለሁ። ቀዝቃዛ እጅ ሲነካት እናትየዋ ሆዷን ታጠነክራለች፤ ያኔ ምንም አይዳሰስም። ፈቃዷ ይጠየቅ፣ ሽንቷን ሸንታ ትምጣ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትተኛ።

አሻንጉሊት ላይ መለማመድ ቅደም ተከተሉን ያስይዛል፤ እጅን ግን አያስተምርም። እኔ እጄን ተማሪዋ እጅ ላይ አድርጌ አብረን እንዳስሳለን። መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ ታች። በጣት ጫፍ መውጋት ክልክል ነው። "ምን አገኘሽ?" ስላት "ጭንቅላት" ብላ እንድታልፍ አልፈቅድም። ክብ ነው? ጠንካራ ነው? ለብቻው ይነቃነቃል? መቀመጫ ከሆነ ለስለስ ይላል፤ ሲነቃነቅም ገላውን ይዞ ነው። ይህን በራሷ ቃል ካልነገረችኝ ወደሚቀጥለው አንሄድም።

የፅንሱን የልብ ምት የምናዳምጥበትን ፌቶስኮፕ የፅንሱ ጀርባ ባለበት በኩል ታስቀምጣለች። የእናትየዋን የእጅ ትርታ ይዛ፣ የሁለቱ ምት እንዳይምታታባት፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። የፅንሱ ምት ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው። ከእሷ በኋላ እኔም እቆጥራለሁ።

ከደምቢያ ድረስ የመጣች እናት በተማሪ ተከባ ስትተኛ ትሳቀቃለች። ከሁለት ተማሪ በላይ አላስገባም፤ ከሚዳሰሰው ውጪ ነጠላዋን አላስገልጥም። ውጤቱን የምትነግራትም ተማሪዋ ራሷ ናት፦ "እህቴ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፤ ልቡም ደህና ይመታል።" ካርዱ ላይ የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።