የኤሌክትሪክ መኪናችሁን ቤት ውስጥ በቅናሽ ታሪፍ ቻርጅ ለማድረግ ምን ታደርጋላችሁ?

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ቻርጀር ለመግዛት ነው። ለቻርጀሩ ድጎማ፣ ለኤሌክትሪኩም የታሪፍ ቅናሽ መኖሩን የሚሰማው ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙው ነገር አምልጧል። ወይ ማመልከቻው ከተከላው በፊት መግባት ነበረበት፣ ወይ የተገዛው ሞዴል የኤሌክትሪክ አቅራቢው ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ታሪፉ፣ ቀጥሎ ድጎማው፣ ቻርጀሩ በመጨረሻ።

በዚህ ቅደም ተከተል የምጸናው በሌላም ምክንያት ነው። ድጎማ አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ያልቃል። ታሪፉ ግን መኪናው ቤት ባደረ ቁጥር ይሠራል፤ ለእናንተም ሊሠራ፣ በእናንተም ላይ ሊሠራ ይችላል።

የኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ቅናሽ የሚሰጡት ለደግነት አይደለም። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምድጃና መብራት በሚያበራበት ምሽት አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት መኪኖች አብረው ከተሰኩ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨነቃል። ሌሊት ደግሞ ያው መስመር ሥራ ፈቶ ያድራል። ቅናሹ ጭነቱን ከምሽት ወደ ሌሊት ለመግፋት የሚከፈል ዋጋ ነው። ይህን ካወቃችሁ በውሉ ላይ የሚገጥሟችሁ ሁኔታዎች አብዛኞቹ ከየት እንደመጡ ይገባችኋል።

1. መኪናው በወር ስንት እንደሚበላ አስሉ

መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 18ን እንያዝ። በወር 1,250 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 225 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቻርጅ ሲደረግ ግን ከሶኬቱ የወጣው ኃይል ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ከአሥር እጅ አንድ ያህሉ በሙቀት ይባክናል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ከሶኬቱ የወጣውን ስለሆነ ወደ 250 አስጠጉት።

ከዚያ ያለፉትን 12 ወራት የኤሌክትሪክ ሒሳብ አውጡና ቤታችሁ ያለ መኪናው በወር ስንት እንደሚፈጅ ጻፉ። ስማርት ቆጣሪ ካላችሁ በአቅራቢው ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ የየሰዓቱን ፍጆታ ማየት ይቻላል። እሱን አውርዳችሁ አስቀምጡት፤ ለሦስተኛው ደረጃ ዋናው መረጃ እሱ ነው።

2. የቀረበላችሁ ታሪፍ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ስማቸው ከአቅራቢ አቅራቢ ቢለያይም በሦስት መንገድ ይመጣሉ።

የመጀመሪያው መላውን ቤት የሚያጠቃልል የሰዓት ታሪፍ ነው። ሌሊት ይረክሳል፣ ምሽት ይወደዳል፤ መኪናውም ማቀዝቀዣውም ምድጃውም በዚያው ይታሰባሉ።

ሁለተኛው የመኪናውን ፍጆታ ብቻ ለይቶ የሚያስብ ነው። ለዚህ ወይ ሁለተኛ ቆጣሪ ይተከላል፣ ወይ ቻርጀሩ ራሱ የሚቆጥረው ይወሰዳል፣ ወይ አቅራቢው መረጃውን በቀጥታ ከመኪናው ያገኛል። ቤታችሁ በድሮው ታሪፍ ይቀጥላል። ሁለተኛ ቆጣሪ ግን የራሱ የማስተከያ ወጪ አለው፤ አንዳንድ ጊዜም በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ክፍያ ይጨመርበታል። የሌሊቱ ቅናሽ ያንን ክፍያ እንኳን የማይሸፍንበት ሁኔታ ስላለ መጀመሪያ ውሉ ላይ ይህን ክፍያ ፈልጉ።

ሦስተኛው አቅራቢው ቻርጅ ማድረጊያውን ከርቀት እንዲቆጣጠር መፍቀድ ነው። እናንተ «ጠዋት በዚህ ሰዓት መኪናው 80 በመቶ ይሙላ» ትላላችሁ፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚቆም እነሱ ይወስናሉ። በምላሹ ርካሽ ዋጋ ወይም ከወር ሒሳብ ላይ ተቀናሽ ታገኛላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «አሁኑኑ ጀምር» የሚል ቁልፍ አለው ወይ? እሱንስ በወር ስንት ጊዜ ብትጫኑት ተቀናሹን አታጡም?

በአንዳንድ አገር ይህ ቁጥጥር በፈቃደኝነት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ከ4.2 ኪሎዋት በላይ የሚስብ አዲስ የቤት ቻርጀር መስመሩ ሲጨናነቅ በኤሌክትሪክ መስመሩ አስተዳዳሪ እስከ 4.2 ኪሎዋት ዝቅ ሊደረግ ይችላል፤ ባለቤቱ በምላሹ ለመስመሩ የሚከፍለው ክፍያ ይቀነስለታል። በእኔ ግምት መጥፎ ልውውጥ አይደለም። 4.2 ኪሎዋት ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ የአብዛኛውን ሰው የቀን መንገድ በደንብ ይሸፍናል።

3. ሒሳቡን በመኪናው ሳይሆን በመላው ቤት ሥሩት

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው የሌሊቱን ዋጋ በትልቁ ይጽፋል፤ የምሽቱ ግን ታች በትንሽ ፊደል ነው ያለው።

ገንዘቡን ለጊዜው ትተን በነጥብ እናስላ። በመደበኛው ታሪፍ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቀን ከሌሊት 10 ነጥብ ነው እንበል። አዲሱ የመላው ቤት ታሪፍ ሌሊት 5፣ ምሽት 16፣ በቀረው ሰዓት 10 ነጥብ ያስከፍላል። ቤቱ ያለ መኪናው በወር 400 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ መኪናው 250፣ ሁሉንም ሌሊት።

መኪናው ላይ 250 በ5፣ ማለትም 1,250 ነጥብ ተረፈ። ቤቱ ከ400ው ውስጥ 120ውን ምሽት ከተጠቀመ በእያንዳንዱ ላይ 6 ነጥብ ስለሚጨምር 720 ነጥብ ይከፍላል። 80ውን ሌሊት ከተጠቀመ ደግሞ 400 ነጥብ ይመለስለታል። ሲጣፋ 930 ነጥብ ትርፍ። ጥሩ ነው።

አሁን ያንኑ ታሪፍ ሁሉም ሰው ምሽት ቤት ገብቶ ለሚያበስልበትና ለሚያጥብበት ቤተሰብ ስጡት። ምሽት 200፣ ሌሊት 40 ብቻ። የምሽቱ ጭማሪ 1,200 ነጥብ፣ የሌሊቱ ቅናሽ 200። ከመኪናው 1,250 ላይ የሚተርፈው 250 ነጥብ ብቻ ነው። ይኸው ቤተሰብ መኪናውን ብዙም የማይነዳ ሆኖ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ቢጠቀም ደግሞ ከመኪናው የሚያገኘው 500 ይሆንና በየወሩ 500 ነጥብ ይከስራል፤ ያውም «በቅናሽ ታሪፍ»።

ስለዚህ ከአንደኛው ደረጃ ያገኛችሁትን የራሳችሁን ቁጥር በዚህ መንገድ አስገቡ። ወቅቱንም አትርሱ፤ አንዳንድ ታሪፍ በበጋና በክረምት ዋጋው ይለያያል፣ የሰንበትና የበዓል ምሽት ደግሞ በርካሹ የሚታሰብበት አለ። የመላው ቤቱ ካላዋጣ የመኪናውን ብቻ ለይቶ የሚያስበውን ታሪፍ ጠይቁ። አቅራቢው የመጀመሪያውን ዓመት ዋስትና ይሰጥ እንደሆነም ጠይቁ፦ በአዲሱ ታሪፍ ከድሮው በላይ ከከፈላችሁ ልዩነቱን የሚመልሱ አሉ። ወደ ድሮው ታሪፍ ለመመለስ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባችሁም አሁኑኑ እወቁ።

ጣሪያ ላይ ሶላር ያለው ሰው ስሌቱ ይለይበታል፤ ወደ መስመሩ የምትልኩት ኃይል በአዲሱ ታሪፍ በስንት እንደሚታሰብ ሳታውቁ አትፈርሙ።

4. ቻርጀር ያስፈልጋችኋል ወይ?

ርካሹ ጊዜ ስድስት ሰዓት ነው እንበል። በ230 ቮልት ተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.3 ኪሎዋት ይገኛል፤ በስድስት ሰዓት ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት፣ ብክነቱ ሲቀነስ 70 ኪሎሜትር ገደማ ያስኬዳል። 120 ቮልት ባለበት አገር በ12 አምፔር 1.4 ኪሎዋት ስለሆነ ወደ 43 ኪሎሜትር ይወርዳል። በ230 ቮልት 32 አምፔር የሚስብ የግድግዳ ቻርጀር ግን 7.4 ኪሎዋት ይሰጣል፤ በዚያው ሌሊት ከ40 ኪሎዋት ሰዓት በላይ።

በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ታሪፉን ቀይሮ በተራ ሶኬት ሊኖር ይችላል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ተራ ሶኬት ግን ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ሲሸከም ይግላል፤ አሮጌ ከሆነ አስለውጡት፣ በማራዘሚያ ገመድም አትሰኩ። አንዳንድ ታሪፍ ደግሞ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ቻርጀር ግዴታ ያደርጋል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ከመኪናው አቅም በላይ የሆነውን አትግዙ። የመኪናው የውስጥ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ከሆነ ግድግዳው ላይ 22 ብትሰቅሉም ያው 7 ነው።

5. ድጎማውን ከተከላው በፊት ጠይቁ

የድጎማ ውል ስታነቡ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ ተቀባይነት ያላቸው ሞዴሎች ዝርዝር፣ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ግዴታ መሆኑ፣ የማመልከቻው ማብቂያ ቀን፣ ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩ ፈቃድ፣ ድጎማውን ተቀብላችሁ በፕሮግራሙ ውስጥ የምትቆዩበት ጊዜ። ከመጨረሻው በፊት ከወጣችሁ ገንዘቡን መልሱ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

ደረሰኙ ላይ የዕቃውና የጉልበቱ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። የቻርጀሩን መለያ ቁጥር ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ፎቶ አንሱ፤ አንዳንዱ ላይ ቁጥሩ ያለው ከኋላ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ «የቤቱ የብሬከር ፓኔል አይችልም፣ መቀየር አለበት» ካለ ሁለተኛ ሰው አሳዩ። የቤቱን ጭነት እያየ ቻርጀሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ያንን ትልቅ ወጪ ያስቀራል።

መንግሥት ከሚሰጠው ጋር ደርቦ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ ደግሞም አትዘግዩ። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ቻርጀር የነበረው የፌዴራል ታክስ ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ ሥራ ለሚጀምር ቻርጀር እንዳይሰጥ በሕግ ተወስኗል።

6. ሰዓቱን በአንድ ቦታ ብቻ ሙሉ

መኪናው የራሱ የሰዓት ማስተካከያ አለው፣ የቻርጀሩ መተግበሪያም አለው። ሁለቱንም ከሞላችሁ ይጣላሉ። ቻርጀሩ በ23:30 ኃይል ይለቃል፣ መኪናው ግን እስከ 02:00 አልቀበልም ብሎ ይቆያል፤ አንዳንዱ ቻርጀር ሲጠብቅ ቆይቶ ይዘጋል። ጠዋት ባትሪው እንደነበረ ታገኙታላችሁ። አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን «እንደተሰካ ጀምር» ላይ ተዉት። አቅራቢው የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ውስጥ ከገባችሁ ሁለቱንም አጥፉ።

መተግበሪያው ላይ 00:00 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት የለመደ ሰው 06:00 ብሎ ቢሞላ መኪናው የሚጀምረው ሲነጋ፣ ርካሹ ጊዜ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

መጀመሪያውን ርካሹ ሰዓት ከገባ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ አድርጉት፤ የቆጣሪውና የመኪናው ሰዓት እኩል ላይሄዱ ይችላሉ። ሰዓት በዓመት ሁለቴ በሚቀየርበት አገር ያላችሁ ደግሞ ቆጣሪው አብሮ መቀየሩን አጣሩ። ቻርጀሩ ከተባለው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ቢጀምር ተበላሸ አትበሉ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከጀመረ መስመሩ በሌሊትም ይጨናነቃል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሸጡ የቤት ቻርጀሮች እስከ አሥር ደቂቃ በዘፈቀደ እንዲዘገዩ ያስገደደችው ለዚህ ነው።

መኪናውን ከመነሳታችሁ በፊት የሚያሞቅ ወይም የሚያቀዘቅዝ ማስተካከያ ካለ እሱም ከግድግዳው ይስባል። የምትወጡት በውድ ሰዓት ከሆነ አስቡበት።

7. የመጀመሪያውን ወር ሒሳብ መርምሩ

አዲሱ ታሪፍ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው የቆጣሪ ንባብ ቀን ነው እንጂ በፈረማችሁበት ቀን አይደለም። ሒሳቡ ሲመጣ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የታሪፉ ስም ተቀይሯል? የሌሊቱ ኪሎዋት ሰዓት በግምት መኪናው ከበላው ጋር (የመላው ቤት ታሪፍ ከሆነ ቤቱ ሌሊት የፈጀው ተደምሮ) ይቀራረባል? የተባለው ተቀናሽ በራሱ መስመር ላይ አለ? የሌሊቱ ቁጥር አንሶ የምሽቱ ከበዛ ሰዓቱ አልያዘም ማለት ነው። የየሰዓቱን ፍጆታ ክፈቱና መኪናው በየትኛው ሰዓት እንደጀመረ እዩ፤ 7 ኪሎዋት የሚስብ ነገር ሰንጠረዡ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል።

ተቀናሹ ከሌለ የማመልከቻችሁን ቁጥር ይዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። የመጀመሪያ ዓመት ዋስትና ካላችሁ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከአንድ ወር ቀድሞ እንዲያስታውሳችሁ አድርጋችሁ ሙሉት፤ የሦስተኛው ደረጃ ስሌት በአሥራ ሁለት ወር እውነተኛ ቁጥር እንደገና የሚሠራው ያን ቀን ነው።